ከሞዴል ምርጫ የሚቀድመው መስፈርት

አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም በተለምዶ አጠራሩ ጄኔሬቲቭ ኤአይ በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የዕቅድ ውይይት ውስጥ መግባት ጀምሯል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ለተገልጋዮች በአማርኛ መልስ የሚሰጥ ቻትቦት ይሠራል» በሚል። ቀጥሎ የሚነሣው የትኛው ሞዴል ይሻላል፣ በወር ስንት ይከፈላል፣ የሙከራ ማሳያው መቼ ይደርሳል የሚል ነው። ማሳያው ደግሞ ፈጥኖ ይደርሳል። ጥቂት ሰነድ የተሰጠው ሞዴል በሳምንት ጊዜ ውስጥ የተሟላ ዓረፍተ ነገር እየሠራ ሲመልስ ያየ ኃላፊ፣ ሥራው ሊጠናቀቅ ጥቂት እንደቀረው ቢያምን አይፈረድበትም።

በተለመደው የሶፍትዌር ሥራ ያልታሰበበት ነገር ራሱን ያጋልጣል። የተመላሽ ክፍያ አሠራር ካልተወሰነ የተመላሽ ክፍያ ቅጽ አይኖርም፤ ተጠቃሚው ፈልጎ ያጣዋል፤ ቅሬታው ለባለሙያው ይደርሳል። አመንጪ ሞዴል ግን ክፍተትን ባዶ አይተውም። ያልተወሰነ ጉዳይ ሲጠየቅ፣ ከተማረባቸው ጽሑፎች ጋር የሚመሳሰል፣ ሰዋስውን የጠበቀና ትሕትና ያልጎደለው መልስ ያቀርባል። ስለዚህ መስፈርቱን ሳይጽፍ የቀረ ተቋም ያለ መስፈርት አልቀረም፤ ሞዴሉ በየጥያቄው እየጻፈለት ነው።

ፍሬድሪክ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው ታዋቂ ጽሑፍ፣ ከሶፍትዌር ሥራ ሁሉ የሚከብደው ምን እንደሚሠራ በትክክል መወሰን መሆኑን ተከራክሮ ነበር። ክርክሩ አርባ ዓመት ገደማ ቢሆነውም አመንጪ ሞዴሎች አላስረጁትም። እንዲያውም ችግሩን ከዓይን ሰውረውታል። ከዚህ በመነሣት ሊያዝ የሚገባው አቋም የሚከተለው ነው፦ የእንዲህ ያለ አገልግሎት የመስፈርት ዝግጅት ከሚጠበቀው ትክክለኛ መልስ ሳይሆን ከሚፈራው የተሳሳተ መልስ ሊነሣ ይገባል። ስሕተቱ ማንን ይጎዳል? ጉዳቱን ማን ይሸከማል? መልሱስ በተቋሙ ላይ ምን ያህል ይጸናል? እነዚህ ሳይመለሱ ሞዴል መምረጥ መሠረት ሳይቆፈር የጣሪያ ቆርቆሮ ቀለም እንደ መምረጥ ነው።

መልሱ የማን ቃል ነው?

ለዚህ ጥያቄ በሰፊው የሚጠቀሰው ጉዳይ በካናዳ የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 አያቱ የሞቱበት አንድ ተሳፋሪ ከቫንኩቨር ወደ ቶሮንቶ ለመብረር ሲዘጋጅ የኤር ካናዳን ቻትቦት ስለ ሐዘን ጉዞ ቅናሽ ይጠይቃል። ቻትቦቱም ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ በማመልከት ቅናሹን ማግኘት እንደሚቻል ይመልሳል። በዚያው ድረ ገጽ ሌላ ገጽ ላይ የሰፈረው የአየር መንገዱ ደንብ ግን ጉዞው ከተፈጸመ በኋላ የሚቀርብ የቅናሽ ጥያቄን አይቀበልም ነበር። ተሳፋሪው በተባለው መሠረት አመልክቶ ተከለከለ፤ ጉዳዩን ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ክርክሮች መፍቻ ትሪቡናል ወሰደው። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለሰጠው መረጃ ተጠያቂ ልሆን አይገባም ብሎ ተከራከረ። ትሪቡናሉ ክርክሩን ቻትቦቱን ለራሱ ተግባር ራሱ ኃላፊ የሆነ የተለየ ሕጋዊ አካል የማስመሰል ያህል ቆጥሮ አልተቀበለውም፤ አንድ ደንበኛ ከአንዱ ድረ ገጽ ሁለት ክፍሎች አንዱን አምኖ ሌላውን የሚጠራጠርበት ምክንያት እንደሌለም ገለጸ። በፌብሩዋሪ 2024 በተሰጠው ውሳኔ አየር መንገዱ ወለድና የክርክር ክፍያን ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ታዘዘ።

ገንዘቡ ለአየር መንገድ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ትኩረት የሚስበው ክርክሩ የተነሣበት ጊዜ ነው። «ቻትቦቱ ከደንቡ የተለየ ነገር ቢናገር የትኛው ይጸናል?» የሚለው ጥያቄ ከአንድ የመስፈርት ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ የማይጠፋ መሆን ሲገባው፣ መልስ የተፈለገለት ዳኛ ፊት ከተቀረበ በኋላ ነው። ቻትቦቱ በየትኛው ቴክኖሎጂ ተሠራ የሚለው ደግሞ ለውሳኔው አላስፈለገም። ኃላፊነቱ ከቴክኖሎጂው ዓይነት ጋር አልተያያዘምና።

የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር በኦክቶበር 2023 ለንግድ ሰዎች ያስጀመረው ቻትቦት ደግሞ ሌላ ገጽታ ያሳያል። ዘ ማርክአፕ የተባለው የዜና ተቋም በማርች 2024 ባወጣው ዘገባ፣ አገልግሎቱ አሠሪዎች ከሠራተኞቻቸው ጉርሻ መውሰድ እንደሚችሉና አከራዮች የመንግሥት የኪራይ ድጋፍ የሚያገኙ ተከራዮችን አለመቀበል እንደሚችሉ ሲመክር መገኘቱን ይፋ አደረገ። ሁለቱም በሕግ የተከለከሉ ናቸው። በገጹ ላይ መልሱ ሊሳሳት እንደሚችል የሚገልጽ ማሳሰቢያ ነበረ። ማሳሰቢያው ግን መስፈርትን አይተካም፤ ሱቅ ሊከፍት የተነሣ ሰው የሚጠይቀው ሕጉን ስለማያውቅ ነው። እርሱን «ራስህ አረጋግጥ» ማለት ሸክሙን ይዞ ለመጣ ሰው መልሶ ማሸከም ይሆናል።

በኢትዮጵያ የቢሮ አሠራር ይህ ጥያቄ የራሱ መልክ አለው። ባለጉዳይ በመስኮት የሚነገረውን ቃልና ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ለይቶ ያውቃል። ቃል አቅጣጫ ያሳያል፤ የሚያስፈጽመው ደብዳቤው ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያስፈለጉት አንዱን ከሌላው ለመለየት ነው። ቻትቦት ከሁለቱም አይመደብም። መልሱ በጽሑፍ ነው፤ የተቋሙ ዓርማ ከላይ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ቁጥርም ፊርማም የለውም። ተገልጋዩ መልሱን በስልኩ ስክሪንሾት አንሥቶ ወደ ቢሮ ሲመጣ በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ምን ትለዋለች? ይህ በመስፈርት ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን መልስ ይሰጣል፤ ለዓመታት የተማረረንበት «ሂድና ነገ ና» ደግሞ አዲስ ምክንያት ያገኛል።

የሬጅስትራር መስኮት እንደ ምሳሌ

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ የአማርኛ መልስ ሰጪ ሊሠራ አስቧል እንበል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ትራንስክሪፕት ለማውጣት ምን ያስፈልጋል? የወጪ መጋራት ክሊራንስ ከየት ይጀመራል? ዊዝድሮዋል የሞላ ተማሪ መቼ ይመለሳል? የመጀመሪያው ላይ መሳሳት አንድ ቀን ያባክናል። የመጨረሻው ላይ መሳሳት አንድ ዓመት ያባክናል፤ የመልሶ ቅበላ ማመልከቻ ቀን ያለፈበት ተማሪ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል፤ በዚያ መካከል ሥርዓተ ትምህርቱ ሊለወጥ፣ የወሰዳቸው ኮርሶችም ሊቀየሩ ይችላሉ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ጥያቄዎቹን በርዕስ ሳይሆን በጉዳታቸው መጠን መደርደር ነው። ይህን መደርደር የሚችለው የሶፍትዌር ባለሙያው ሳይሆን ተማሪ ሲያለቅስ ያየችው የመስኮቱ ሠራተኛ ናት። በብዙ የፕሮጀክት ዕቅዶች የእርሷ ስም «የመጨረሻ ተጠቃሚ ሥልጠና» ከሚለው ረድፍ በፊት አይገኝም።

በዚህ ምሳሌ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ስሕተት ትንሹ ነው፤ ቀን። የዩኒቨርሲቲው አካዳሚክ ካላንደር የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን «ጃንዋሪ 15 ቀን 2025» ይላል እንበል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ጃንዋሪን «ጥር» ብሎ የተረጎመና ቁጥሩን እንዳለ የተወ መልስ ተማሪውን ጥር 15 ቀን ያመጣዋል፤ ስምንት ቀን አርፍዶ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት የነበረን መልስ እንዳለ መውሰድም አያዋጣም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት ጃንዋሪ 15 ቀን 2024 የዋለው ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ምዝገባው በ8:00 ይጀምራል» የሚል የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ጠዋት ሁለት ሰዓትን ይናገራል፤ ወደ አማርኛ «ስምንት ሰዓት» ተብሎ ሲገለበጥ ተማሪው ከምሳ በኋላ ይመጣል። ዓረፍተ ነገሩ ያለ እንከን የተጻፈ በመሆኑ አንባቢ የሚጠራጠርበት ምልክት የለም።

እንዲህ ያለውን ስሕተት የተሻለ ሞዴል ሊያሳንሰው ይችላል፤ የሚያስቀረው ግን ውሳኔ ነው። ውሳኔውም ቀን፣ ሰዓትና የክፍያ መጠን ፈጽሞ አይመነጩም የሚል ነው። ሬጅስትራሩ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ከሚይዘው ሰንጠረዥ ይነበባሉ፤ ሞዴሉ የሚያዘጋጀው በዙሪያቸው ያለውን ማብራሪያ ብቻ ነው። ይህ አንድ መስመር መስፈርት የአገልግሎቱን አሠራር ከሥሩ ይለውጠዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ለመጨመር ከተሞከረ ግን ብዙውን ክፍል እንደ አዲስ መሥራት ይጠይቃል።

ሰነዶቹ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የሴኔት ሌጂስሌሽኑ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄው በአማርኛ ይመጣል፤ ከዚያም አልፎ አማርኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በፊደል ሲጻፍም «ዓመት»ና «አመት»፣ «ሥራ»ና «ስራ»፣ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። ሞዴሉ ከሰነድ ፈልጎ እንዲመልስ ከተፈለገ ሞክሼ ፊደላት በፍለጋው ላይ እንዴት እንደሚዋሐዱ አስቀድሞ መወሰን አለበት። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ አፉን የፈታበት ተማሪ በምን ቋንቋ ይስተናገዳል የሚለውም እንዲሁ፤ «አማርኛ ብቻ» የሚል መልስ ራሱ ውሳኔ ነውና ተጽፎ ፊርማ ሊያርፍበት ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የትኛው ሰነድ በሥራ ላይ ነው የሚለው ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ሰርኩላር በኮምፒውተር ፋይልነቱ የት እንዳለ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። የተሻረው መመሪያና የተተካው መመሪያ በአንድ ፎልደር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የቆየች ሠራተኛ «እርሱ ቀርቷል» ትላለች፤ ፎልደሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ፎልደሩን የሚያነበው ሞዴልም አያውቅም። ስለሆነም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ከፕሮግራም ጽሑፍ ይልቅ ወደ መዝገብ ቤት ሥራ ያዘነብላል። ለእያንዳንዱ ሰነድ ባለቤት ይሰየማል፤ የጸናበት ቀን ይመዘገባል፤ ሲሻር ማን እንደሚያነሣው ይወሰናል። ይህ አሰልቺ ነው፤ ለማሳያም አይመችም። ምናልባትም በዕቅዶች ውስጥ የሚዘለለው ስለዚህ ይሆናል።

መለኪያውም ከሥራው በፊት መዘጋጀት ይኖርበታል። በአንድ የምዝገባ ሰሞን በመስኮቱ የቀረቡ ጥያቄዎች በተጠየቁበት ቃል፣ ከነስሕተታቸውና ከነቅይጥ ቋንቋቸው ቢጻፉ፣ ለእያንዳንዱም ሬጅስትራሩ ያጸደቀው መልስ ቢቀመጥ፣ ማናቸውም ሞዴል የሚመዘንበት ሚዛን ይገኛል። ያለዚህ «ጥሩ ይመልሳል» የሚባለው ምስክርነት የአበልጻጊው የራሱ ጥያቄዎች ውጤት ነው፤ አበልጻጊ ደግሞ መልሱን የሚያውቀውን ይጠይቃል። ሚዛኑ አማካይ ውጤትን ብቻ እንዳይናገርም ጥንቃቄ ያሻል። ከመቶ ጥያቄዎች ዘጠና አምስቱን በትክክል የመለሰ ሥርዓት የሚያስመሰግን ይመስላል፤ የተሳሳታቸው አምስቱ ሁሉ ስለ መልሶ ቅበላ ከሆኑ ግን ለአገልግሎት ሊቀርብ አይገባውም። የማለፊያ ነጥቡ በየጉዳቱ መደብ ለየብቻ ይቆረጣል፤ በከባዱ መደብ ላይ «አላውቅም፤ ወደ ባለሙያ ልምራዎት» የሚለው መልስ እንደ ስኬት ይቆጠራል።

ስለ ወጪ ጥቂት ማለት ይበቃል። የሞዴል አቅራቢዎች በተለምዶ የሚያስከፍሉት ጽሑፉ በሚከፋፈልባቸው ቶክኖች ቁጥር ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ባይት ሲወከል አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብዛት የሠለጠኑ ቶክን ከፋዮችም የአማርኛን ቃል ወደ ብዙ ቁርጥራጭ የመበተን ዝንባሌ አላቸው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ናሙና የተሰላ በጀት ለአማርኛ አያገለግልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከተሰበሰቡት ጥያቄዎች የተወሰኑትን በታሰበው ሞዴል አስልቶ ዋጋውን ውል ከመፈረም በፊት ማወቅ።

የግል መረጃ ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ስለ ዊዝድሮዋል የሚጠይቅ ተማሪ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይጽፋል። ሕመሙን፣ የቤተሰብ ሞትን፣ እርግዝናን፣ የገንዘብ ችግርን ከመታወቂያ ቁጥሩ ጋር ያሰፍራል። ለሰው እንደሚናገር ሆኖ ይጽፋልና። ጽሑፉ ከአገር ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ወደሚሠራ ሞዴል የሚላክ ከሆነ ተቋሙ የተማሪውን የጤና መረጃ ድንበር አሻግሯል ማለት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጤናን የሚመለከት መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት ይመድባል፤ መረጃ ወደ ሌላ አገር በሚተላለፍበት ሁኔታ ላይም ገደብ ያኖራል። የትኛው ጽሑፍ ይላካል፣ ከመላኩ በፊት ምን ይሰረዛል፣ ንግግሩ ለስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ለሠልጣኝ ሞዴል ግብዓት ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚሉት ከአቅራቢው ጋር በሚገባው ውል ውስጥ መግባት ያለባቸው ናቸው። ከውሉ በኋላ የመጣ መስፈርት ልመና ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ ይመጣል። ዘመናዊው የሶፍትዌር አሠራር አስቀድሞ ሁሉን የመጻፍን ልማድ ትቷል፤ በትንሹ ሠርቶ ከተጠቃሚ መማር ይሻላል ይላሉ። አነጋገሩ እውነት አለው። በዚህ አገር የተሠሩ ብዙ የሥርዓት ዕቅዶች በዝርዝር ቢጋር ክብደት ሥር ተቀብረው እንደቀሩ የሚያውቅ ሰው ወፍራም ሰነድን ቢፈራ ትክክል ነው። ሆኖም ሙከራና አገልግሎት አንድ አይደሉም። ሙከራ ከሬጅስትራሩ ሠራተኞች ጋር፣ በበቂ ቁጥጥር፣ መስፈርትን ለማግኘት የሚደረግ ከሆነ የዝግጅቱ አካል ነው። ከመቶዎች ተማሪዎች ጋር በምዝገባ ሳምንት የሚደረግ «ሙከራ» ግን የመማሪያውን ዋጋ ያልተጠየቁ ሰዎች እንዲከፍሉ ያደርጋል። ደግሞም ከላይ የተዘረዘሩት ውሳኔዎች ተጠቃልለው ከጥቂት ገጾች አይበልጡም። ጊዜ የሚወስደው መጻፉ ሳይሆን የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ተቀምጠው መስማማታቸው ነው፤ ያ ደግሞ ሶፍትዌር ቢሠራም ባይሠራም የሚያስፈልግ ስምምነት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሞዴሎች በየመንፈቁ እየተሻሻሉ ስለሆነ ዛሬ የተጻፈ መስፈርት ነገ ያረጃል የሚል ነው። የሚያረጀው ክፍል አለ፤ የቶክን ዋጋ፣ የአማርኛ ችሎታ፣ የመልስ ፍጥነት በእርግጥ ይለወጣሉ። ሞዴሉ ምንም ያህል ቢራቀቅ ግን ሴኔቱ የትኛውን መመሪያ እንደሻረ ሳይነገረው አያውቅም፤ በተሳሳተ መልስ ምክንያት ቀን ያለፈበት ተማሪ ማመልከቻው ይታይለት ወይም አይታይለት ብሎም አይወስንም። ይህን የሚወስን ሰው በስም ካልተሰየመ የተሻለው ሞዴል የሚጨምረው የአነጋገር ውበት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ሥርዓቱ «ይህን ለባለሙያ አስተላልፌአለሁ» ባለ ቁጥር ከወዲያኛው ጫፍ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። የሚተላለፉት ጥያቄዎች ደግሞ የሚበዙት ሰልፉ በሚረዝምበትና ሠራተኞቹ ፋታ በሚያጡበት በዚያው የምዝገባ ሳምንት ነው። ለዚህ ቢያንስ አንድ ሰው መመደብ የማይችል ጽሕፈት ቤት በአመንጪ ሞዴል ባይጀምር ይመረጣል። ቀኖችን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የቅጾችን ዝርዝርና የክፍያ መጠንን ከሰንጠረዥ እያነበበ በስልክ የሚያሳይ ቀላል ገጽ ይበቃዋል። ከገጹ ግርጌ «ያላገኙትን እዚህ ይጻፉ» የሚል አንድ ሳጥን ይኑረው፤ ከሳጥኑ በላይም ስምና መታወቂያ ቁጥር እንዳይጻፍ የሚያሳስብ አንድ መስመር። በሁለት ሴሚስተር ውስጥ በዚያ ሳጥን የሚጠራቀሙት ጥያቄዎች፣ ተማሪዎች በሚናገሩበት ቋንቋና በሚጽፉበት ፊደል፣ የኋላውን መስፈርት ለማዘጋጀት ለሚቀመጡት ሰዎች የመጀመሪያ ሰነድ ይሆናሉ።